ፊደልን በጣት፣ በሊጥ፣ በጤፍ ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ 9 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። አሁን ቨርጂኒያ ነኝ፤ ሦስት ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው። ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዶቃ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚደርስበት ቦታ አይቀመጥ። ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩ ሁለት ወር ሆነ። ዜማውን ትወጣዋለች፤ ፊደሉን ነጥዬ ሳሳያት ግን አታውቀውም።

መልስ፦ ገበታውን ለጊዜው አንሺው እህቴ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያን ሁሉ ባንዴ ስታይ ምኑን ከምኑ ትለየው? በ«በ» ቤተሰብ ብቻ ጀምሪ። ሰፌድ ላይ ጤፍ በስሱ በትኚና ድምፁን እየጠራችሁ በጣቷ ትጻፈው። ቀጥሎ በሊጥ ትሥራው። «ቡ» በቀኝ ወገቧ እጅ ታወጣለች፤ «ቢ» ቀኝ እግሯ ጫማ ያጠልቃል፤ «ባ» የግራ እግሯ ያጥራል፤ «ቤ» ቀኝ እግሯ ላይ ቀለበት አላት፤ «ብ» በግራ ጎኗ ትወጣለች፤ «ቦ» ቀኝ እግሯ ያጥራል። የኔ ትንሿ «ባ»ን ስትሠራ የሊጡን ግራ እግር በጥርሷ ቆርጣ አሳጠረችው። ከዚያ ወዲህ «ባ»ና «ቦ» ተምታተውባት አያውቁም። «በ» ሲገባት ወደ «ሰ» እለፊ፤ «ሸ» ማለት ቆብ ያጠለቀች «ሰ» ናት። ሳድስና ሳብዕ ላይ ከመስመር የሚወጡ ፊደሎች ብዙ ናቸው፤ እነሱን አንድ በአንድ።

ጥያቄ፦ ታብሌት ላይ ያለው የፊደል ጨዋታ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። መስታወት ላይ ሁሉም ፊደል ለጣት አንድ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም በከፈተችው የሕፃናት ቤት ልጆቹ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል ይዳስሱ ነበር። ያ ሻካራነት ነው ትምህርቱ። ብርጭቆ ወረቀት ከሌላችሁ ጤፍ አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ በዓይን ነው የሚማረው ወይስ በጆሮ? እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ አይለዩት። ልጆችን እንዲህ ከፍሎ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ ጥናት አላሳየም። ዓይንም ጆሮም እጅም አብረው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ሒሳብስ?

መልስ፦ የሒሳብ ምኑ? ዕድሜውን ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ 8 ዓመቱ ነው፤ ክፍልፋይ።

መልስ፦ ድፎ ዳቦ። ቢላውን እሱ ይያዝ፤ ሩብና ስምንተኛ የቱ እንደሚበልጥ ሳይቆርጥ ይገምት።

አንድ አባት፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ልጅን በሦስት ማስጨነቅ ለምን?

ሌላ ተሳታፊ፦ ወንድሜ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። ይህን ልናጠፋ ነው?

አባት፦ እሱ ግዕዝ ነው። የኔ ልጅ ገና «ውሃ» ማለት እየተማረ ነው።

ተሳታፊ፦ የአማርኛውስ ሥር ከየት መጣ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ክርክራችሁን ለብቻ ቀጥሉት። «ሐ»ና «ኀ» ልጁ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ይድረሱ፤ ግን ይድረሱ።

ጥያቄ፦ ልጅን ቤት ለማስተማር ሕጉ እንዴት ነው?

መልስ፦ እንደየአገሩ ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለወረዳው የትምህርት ኃላፊ ማስታወቂያ ይገባል። ጀርመን ያላችሁ ትምህርት ቤት ማስቀረት አይፈቀድላችሁም፤ ፊደሉን ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት።

ጥያቄ፦ ፊደል ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። «በ»። አንድ ቤተሰብ ብቻ። ጤፍ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመቷ ልጅ እናት ነኝ። አሁን ጤፉ ላይ «ቤ»ን ጻፈች! ቀለበቱን በሽምብራ እየሠራች ነው።

መልስ፦ እሰይ! ታናሽ አላት?

ጥያቄ፦ ወንድሟ፣ ሁለት ዓመቱ። አጠገቧ ተቀምጧል።

መልስ፦ ሽምብራውን አሁኑኑ አንሺ እህቴ። ቀለበቱን በሊጥ ትሥራው።