ቪዲዮው ላይ ኳሷን ተዋትና እግርህን እይ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሰዉ ራሱን በስልክ ይቀርፃል፣ ደጋግሞ ያየዋል፣ ግን የቱን ማየት እንዳለበት ስለማያውቅ እዛው ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ እነሱን ለብቻ ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኮች ሰላም ነው? የድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው፣ ታዳጊ ፕሮጀክት ውስጥ አማካይ ሆኜ ነው የምጫወተው። ችግሬ ሹት ነው፣ ጉልበት አለኝ ግን ኳሷ ሁሌ ከአግዳሚው በላይ ነው የምትሄደው፣ ቅጣት ምት ሲሆን ደሞ ይብሳል። አሰልጣኛችን "ወደ ኋላ አትተኛ" ይለኛል፣ ወላሂ እኔ ግን አልተኛም፣ ቀጥ ብዬ ነው የምመታው። ጓደኛዬ ቀርፆኝ ሃያ ጊዜ አየሁት፣ ምንም አይታየኝም። ሁለት ቪዲዮ ልኬልሃለሁ፣ አቦ እስቲ እይልኝ። ከስታዲየሙ መቀመጫ ላይ የተቀረፀ የጨዋታ ቪዲዮስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይመችህ የሳቢያኑ፣ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ከጎሉ ጀርባ ሆኖ የተቀረፀ ነው፣ እሱ የሚነግርህ ኳሷ ወዴት እንደሄደች ብቻ ነው፣ እሱን ደሞ ያለ ቪዲዮም ታውቀዋለህ። የሚጠቅምህ ሁለተኛው ነው፣ ከጎን የተቀረፀው። እሱን ከፍተህ ቀኝ እግርህ ኳሷን ከመንካቷ ትንሽ ቀደም ብለህ አቁመውና ግራ እግርህን ብቻ እይ፣ ሌላውን ሁሉ ተወው። ከኳሷ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነው ያረፈው፣ የታኬታህ ጫፍ ደሞ ጎሉን ሳይሆን የኮርነሩን ባንዲራ ነው የሚያየው።

ነገሩ ሁሉ ከዛ ነው የሚመጣው። የቆመው እግር ወደ ኋላ ከቀረ ቀኝ እግር ኳሷ ጋ ለመድረስ መዘርጋት አለበት፣ እግር ሲዘረጋ ደረት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እግርህ ኳሷን የሚያገኛት ወደ ላይ እየወጣ እያለ ከስሯ ነው፣ ከዛ በኋላ 2 ሜትር ከ44 የሆነው አግዳሚ ምን ያረግልሃል፣ በላዩ ነው የምታልፈው። ስለዚህ አሰልጣኝህ ልክ ነው፣ ትተኛለህ፣ አንተም ግን አልዋሸህም፣ ምክንያቱም ሰው የሚሰማውና የሚያደርገው ነገር ለየቅል ነው፣ በዓለም ትልልቅ ክለቦች ያሉትም ራሳቸውን በቪዲዮ ሲያዩ "ይሄ እኔ ነኝ?" ይላሉ። መተኛቱ ግን ውጤት ነው፣ "አልተኛም፣ አልተኛም" እያልክ ብትመታ አንገትህን ታደርቃለህ እንጂ እግርህ እዛው ኋላ ነው የሚያርፈው። እግሩን ካስተካከልክ ደረትህ ራሱ ይመጣል።

እንዴት ታስተካክለዋለህ? ሁለት የሃይላንድ ክዳን ውሰድና ከኳሷ በግራ በኩል አንድ ጫማ ያህል ራቅ አርገህ መሬት ላይ አስቀምጣቸው፣ አንዱ ከኳሷ መሃል ትክክል፣ ሌላው ከሱ ፊት ለፊት ወደ ጎሉ፣ እግርህ በኳሷና በክዳኖቹ መሃል ነው ማረፍ ያለበት፣ ጫፉ ደሞ ወደ ጎሉ። ከሦስት እርምጃ በላይ አትንደርደር፣ ግማሽ ጉልበት ይበቃሃል፣ ኳሷ ጎል ገባች አልገባች አትቁጠር። ቁርጭምጭሚትህን አጥብቀህ ጣቶችህን ወደ ታች አርገህ በታኬታው ማሰሪያ በኩል ምታ። ቀኑን ሙሉ የምታየው ያቺን አንድ ነገር ብቻ ይሁን፣ እግር የት አረፈ። እጅህ፣ ጭንቅላትህ፣ ዳሌህ ምናምን ሌላ ቀን ይደርሳል፣ በአንድ ቪዲዮ አምስት ጥፋት ፈልጎ አምስቱንም በአንዴ ላስተካክል ያለ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት መሮጡንም ይረሳል፣ ይሄንን ብዙ ልጆች ላይ አይቻለሁ ያሳዝነኛል።

ቅጣት ምት ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ፣ የተከላካዮቹ ግድግዳ 9 ሜትር ከ15 ላይ ስለሚቆም ኳሷን ከፍ ማድረግ ትፈልጋለህ፣ እዛ ላይ እግር ትንሽ ወደ ኋላ ቢቀር ችግር የለውም። ግን መጀመሪያ ዝቅተኛውን መምታት ቻል፣ ከፍታው ያኔ በፍላጎትህ ይሆናል፣ አሁን ያለ ፍላጎትህ ነው።

አቀራረፁንም ልንገርህ፣ ጓደኛህ ስልኩን በእጁ ይዞ እየተከተለህ ነው የቀረፀው፣ ፍሬሙ ሲንቀጠቀጥ እግርህ የቱ ጋ እንደረገጠ ለማየት ዓይኔ ደከመ። ስልኩን አስቀምጡት። ሁለት ብሎኬት ደርባችሁ በሃይላንድ አስደግፋችሁ፣ ከፍታው የወገብ ያህል፣ ከኳሷ አምስት ስድስት ሜትር ርቆ፣ አቅጣጫው ከምትመታበት መስመር ጋር ቀጥ ያለ ጎን ይሁን። ትንሽ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ዘወር ካለ ልክ የረገጠው እግር ወደ ኋላ የቀረ ወይ ቀድሞ የሄደ ይመስላል፣ ተሳስተህ ታስተካክላለህ፣ ያልታመመ ማከም ነው። ያንን ሰፊ የሚያሳየውን የ0.5 ካሜራም አትጠቀም፣ ዳር ዳሩን ይጎትተዋል። ቦታውን ምልክት አርጉበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከዛው ቦታ ካልቀረፃችሁ የዛሬውንና የያኔውን ማወዳደር አይቻልም።

ስሎው ሞሽን የግድ ነው። ተራ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፎቶ ነው የሚያነሳው፣ እግር ኳሷን የሚነካው ደሞ ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ምቱ በሁለት ፎቶ መሃል ሙሉ ለሙሉ ሊያመልጥ ይችላል፣ አንዱ ላይ እግርህ ከኋላ ነው፣ ቀጣዩ ላይ ኳሷ ሄዳለች። 240 ላይ ካረግከው ሁለት ፍሬም ታገኛለህ። ይሄ ግን ብርሃን ይፈልጋል፣ እሱን ደሞ ፈጣሪ ለድሬ ሰጥቷታል፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ፀሐይዋ ከካሜራው ጀርባ ሆና ቅረፁ። ከቀትር በኋላ በዛ ሙቀት ስልኩ ራሱ ይግልና ካሜራውን ይዘጋባችኋል። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር ደሞ ለልምምድ ደስ ይላል ግን ለመቅረፅ አይሆንም፣ ጥላው እየተቆራረጠ እግሩን ይበላዋል። ማታ በመብራት ስትቀርፁ ምስሉ ቦግ እልም ካለባችሁ ስልኩ አልተበላሸም፣ መብራታችን በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል፣ ስሎው ሞሽኑ እሱን ነው የሚያሳያችሁ።

ከስታዲየሙ መቀመጫ ላይ ስለተቀረፀው የጨዋታ ቪዲዮም ጠይቀኸኛል። የድሬዳዋ ስታዲየም ሞሮኮና ናይጄሪያ በ1968 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ የተጫወቱበት ሜዳ ነው፣ እዛ ከላይ ተቀምጦ መቅረፅ ለሌላ ነገር ግሩም ነው፣ አማካይ ስለሆንክ ኳስ ሳትይዝ የት እንደምትቆም ታይበታለህ። ለሹት ግን እግርህ የጣት ጥፍር ታህል ነው፣ ምንም አታገኝበትም።

አንድ ነገር ደሞ፣ ቪዲዮው ላይ የምትለማመዱት ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ መሰለኝ። በበጋው ይሁን፣ ክረምት ሲገባ ግን እባካችሁ ውጡ። ድሬ ላይ ደመና ሳይኖር ከላይ ከተራራው ዘንቦ ጎርፉ ይደርሳል፣ የ1998ቱን ቤተሰቦቻችሁን ጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ ለዝግጅቱ ሰላምታዬ ይድረስ። ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ወደ ሀገሬ ድሬ ተመልሻለሁ፣ ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል። እዛ እያለሁ ጎልፍ ለምጄ ነበር፣ እዚህ ግቢዬ ውስጥ መረብ ዘርግቼ ምንጣፍ ላይ ቆሜ እመታለሁ። ኳሱ ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ ስላይስ የሚባል ችግር አለብኝ። ልጄ በስልክ ሲቀርፀኝ ዱላው ልክ ኳሱ አጠገብ ሲደርስ እንደ ቀስት ታጥፎ ይታያል። ዱላው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ እንኳን ለሀገርዎ አበቃዎት። ዱላዎ ደህና ነው፣ አይጣሉት። የስልክ ካሜራ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነሳም፣ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ላይኛውን መስመር አንብቦ ታችኛው ጋ እስኪደርስ ዱላው ቦታ ቀይሯል፣ ስለዚህ ቀጥ ያለው ብረት ጎብጦ ይታያል። እውነተኛው ዱላም በምቱ ሰዓት ትንሽ ይለመጣል፣ ግን ስልክ ላይ የሚያዩት ያ ትልቅ መጉበጥ የካሜራው ስራ ነው፣ ከሱ ተነስተው ምንም እንዳይወስኑ።

ጎልፍ ላይ ስልክ የማይችለውን ማወቅ ራሱ ግማሽ ስራ ነው። ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሱ ጋ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ኳሱና ዱላው የሚነካኩት ደሞ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ነው፣ ያንን የትኛውም የኪስ ስልክ አይዘውም። ስለዚህ ምቱን ሳይሆን ወደ ምቱ የሚወስደውን መንገድ ነው የምናየው። ሁለት ቦታ ይቀረፁ፣ አንዱ ከደረትዎ ፊት ለፊት፣ ሌላው ከቀኝ በኩል ወደ ዒላማው እያየ፣ ስልኩ በእጅዎ ከፍታ ከእጆችዎ ጋር በአንድ መስመር ላይ ሆኖ። ለስላይስ ቁልፉ ሁለተኛው ነው። ስላይስ የሚመጣው የዱላው ፊት ዱላው ከሚሄድበት መንገድ አንፃር ወደ ቀኝ ተከፍቶ ሲመታ ነው፣ ባብዛኛው ሰው ላይ ደሞ መንገዱ ራሱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ነው የሚመጣው። እጆችዎ ወደ ታች መውረድ ሲጀምሩ ያቁሙት፣ የቀኝ ትከሻዎ ወደ ኳሱ በኩል ቀድሞ ከወጣና ዱላው ከትከሻዎ በላይ በውጭ በኩል ከወረደ ችግሩ እሱ ነው። ከዛ በፊት ግን አያያዝዎን ይዩ፣ ቆመው ወደ ታች ሲመለከቱ የግራ እጅዎ አንድ ጉልጥምት ብቻ ከታየዎት ትንሽ ወደ ቀኝ አዙረው ሁለት ሁለት ተኩል እስኪታይ ይያዙ፣ ብዙ ስላይስ እዛው ላይ ይቀንሳል።

መረቡ ኳሱን ስለሚይዝብዎት ወዴት እንደሚጠመዘዝ አያዩም፣ ለዚህ የዱላውን ፊት ጠመኔ ይቀቡት። ኳሱ የነካበት ቦታ ይለቃል፣ መሃል ነው ወይስ ጫፉ ላይ ግልፅ አርጎ ያሳይዎታል፣ ካሜራው ያልያዘውን ጠመኔው ይይዝልዎታል።

ጡረታ ላይ ሆኖ የሚያምር ስዊንግ (የዱላ አወዛወዝ) ለማምጣት ራስን ማሰቃየት ግን አያስፈልግም። ጂም ፉሪክ የሚባለው አሜሪካዊ ስዊንጉ ላይ ላዩን ሲታይ የተጣመመ ነው፣ ዱላው ሽቅብ ወጥቶ በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚወርደው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ፣ በ2016 ደሞ አንዱን ዙር በ58 ምት ብቻ ጨረሰ፣ በዛ ደረጃ ከሱ በፊት ማንም እንደዛ በጥቂት ምት አልጨረሰም ነበር። ኳሱ ጋ ሲደርስ ዱላው ልክ ነበር፣ ያ በቃው።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፍልዎ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ ሩጫ ትወዳለች፣ የትምህርት ቤት ውድድር ላይም ትቀድማለች። ስትሮጥ ግን ቀኝ ክንዷ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቪዲዮዋን ያዩ ዘመዶች "አስተካክሏት፣ እንዲህ ሆና የት ትደርሳለች" ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅቷን ተዋት በሏቸው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ግራ ክንዱ ታጥፎ ደብተር እንደያዘ ሆኖ ነበር የሚሮጠው፣ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ ስለሄደ ነው፣ በዛች ክንድ በአትላንታና በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። የሆነ ሰው በልጅነቱ ቪዲዮ አሳይቶት "ይሄን ክንድ ፍታው" ብሎ ቢያስጨንቀው ምን እናገኝ ነበር? ክንድ ብዙ ጊዜ እግርና ዳሌ የሚያደርጉትን ለማመጣጠን ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ክንዱን አስገድደው ቢያስሩት ሌላ ቦታ ይወጣል።

እኔ ቪዲዮዋን ባገኝ የማየው እግሯን ነው። ከጎን ሆነው ይቅረጿት፣ እግሯ መሬት ሲነካ ከጉልበቷ በጣም ቀድሞ ወደ ፊት ተዘርግቶ ካረፈ በየእርምጃው ራሷን ፍሬን እየያዘች ነው ማለት ነው፣ እርምጃዋን ትንሽ አሳጥራ ቶሎ ቶሎ እንድትረግጥ ማድረግ ይበቃል። ግን ሜዳ ላይ ይሁን፣ ጀጎል ዙሪያ ያለው ዳገትና ቁልቁለት አያታልላችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ማንም ሰው እግሩን ይዘረጋል። የሚያማት ነገር ካለ፣ የቅልጥሟ አጥንት ምናምን፣ እሱ በቪዲዮ አይታይም፣ ሐኪም ያያት። ደሞ ቪዲዮዋን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፣ ገና ልጅ ናት፣ የሰው አፍ አያስፈልጋትም።

ጥያቄ፦ ኮች የገንደ ቆሬ ልጆች ነን፣ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም የምናይበት ነፃ ነገር አለ? ቴሌግራም ላይ ስንላላክ ደሞ ይደበዝዛል።

መልስ፦ አለ። ኮምፒውተር ካገኛችሁ ኪኖቪያ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ይሰራል፣ መስመር ታሰምሩበታላችሁ፣ ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን ታስኬዳላችሁ። እሱ ከከበዳችሁ ቪኤልሲ ይበቃል፣ ኮምፒውተር ላይ ኢ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ፍሬም ይሄዳል። ቴሌግራም ቪዲዮ አርጋችሁ ስትልኩት ያጨመዋል፣ ፋይል አርጋችሁ ስትልኩት እንዳለ ይደርሳል፣ ዳታ ትንሽ ይበላል ግን ይሻላል። ለእኔም ስትልኩ በፋይል ይሁን፣ ከጎን የተቀረፀ፣ መንደርደሪያውና ምቱ ያለበት አስር ሰከንድ ቆርጣችሁ ብቻ፣ የትኛው እግር እንደሚመታና ኳሷ የት እንደሄደች ከስሩ ጻፉልኝ።