ዋይፋይ ሲበራ ድምፁ ይቆራረጣል

ጥያቄው ከብቸና ነው። ጠያቂው የዜማ መምህር ናቸው፤ ትምህርታቸውን በዩኤስቢ ሚክሰር ላፕቶፕ ላይ እየቀዱ ለተማሪዎቻቸው በቴሌግራም ይልካሉ። የላፕቶፑ የውስጥ ዋይፋይ ከተበላሸ ወዲህ በትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ ይጠቀማሉ፤ እሷንም ሚክሰሩንም የሚሰኩት በአንድ የዩኤስቢ መከፋፈያ ላይ ነው። ኔት ሲከፈት ድምፁ በየተወሰነ ጊዜ «ጭርር» እያለ ይቆረጣል፤ ሲዘጋ ይጠራል። አንድ ሠራተኛ ደጋግሞ ፎርማት አድርጎላቸዋል፤ ሌላው «ሚክሰሩ ሞቷል» ብሏቸዋል። ማይኩም አልፎ አልፎ ከንፈራቸውን ይነዝራቸዋል።

መምህር፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የሚነዝርዎት ማይኩ ሳይሆን ቻርጀሩ ነው። «እምም» የሚለው ድምፅ እንዲጠፋ ተብሎ የቻርጀሩ ሶኬት የኧርዝ እግር (ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) እንደተቆረጠ ጽፈዋል። ይህን የሠራ ሰው ሥራውን አያውቅም! ከቻርጀሩ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መሄጃ ሲያጣ በላፕቶፑ አካል፣ በዩኤስቢ ገመዱና በሚክሰሩ አልፎ ማይኩ ብረት ላይ ይደርሳል። ዛሬ መንዘር ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ ውስጡ የተበላሸ ቀን ግን ሰው ይገድላል። ገመዱን ኧርዝ ባለው ይቀይሩት፤ የግድግዳው ሶኬት ራሱ ኧርዝ እንዳለውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይልዎት። እስከዚያው በባትሪ ብቻ ይቅዱ።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ዋይፋይ ሲጠፋ የሚጠራ ሚክሰር ጤነኛ ነው፤ ሌላ እንዳይገዙ። መቆራረጡ ጊዜ ጠብቆ መምጣቱ ደግሞ ጥርጣሬዬን ወደ ዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃውን ወደሚያዝበት ፕሮግራም፣ ይወስደዋል፤ ድራይቨሩ በየጊዜው ዙሪያውን ኔትወርክ ይፈልጋል፣ በፈለገ ቁጥር ድምፁ ይመታል። ከዚያ በላይ የምጠረጥረው ያን የተበላሸውን የውስጥ ዋይፋይ ካርድ ነው። ሞቶም ቢሆን ከቦታው አልወጣም፤ ዊንዶውስ ሊያስነሳው ይታገላል።

ሚክሰሩ ለምን ይጎዳል? ይህን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅማል። ዩኤስቢ ድምፅን የሚያመላልሰው ሰዓቱን ጠብቆ፣ በትንንሽ የመረጃ ጥቅሎች ነው። እንደርስዎ ባሉት ተራ ሚክሰሮች ላይ አንድ ጥቅል በየ1 ሚሊሰከንዱ ይሄዳል፤ በ48,000 ኸርዝ ሲቀዱ እያንዳንዱ ጥቅል በአንድ ቻናል 48 ናሙና (የድምፁን ቅጽበታዊ ልኬት) ይይዛል። ያመለጠ ጥቅል አይደገምም። ወረብ ላይ ከበሮ መቺው አንዲት ምት ብታመልጠው ተመልሶ አይመታትም፣ ወረቡ አልፏል። ዋይፋይ ግን ሌላ ነው፤ የጠፋውን መልሶ ይልካል፣ ስለዚህ ሁለቱ ሲጋፉ ዋይፋዩ ትንሽ ቢዘገይ እንጂ ምንም የሆነ አይመስልም፣ ሚክሰሩ ግን በግልጽ ይጮኻል። ግፊያው የሚፈጠረው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። አንድ ድራይቨር ሥራዬን ልጨርስ ብሎ ፕሮሰሰሩን ሲይዝ ሌላው ይጠብቃል። በደንብ የተጻፈ ድራይቨር ወዲያው ይለቃል፤ መናኛው ግን ብዙ ሚሊሰከንድ ይዞ ይቆያል፣ በዚህ መሀል የድምፁ ቋት (ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበት ማህደር) ባዶ ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ዕቃ የሚወቅሰው ይህን ባለማወቅ ነው።

አሁን ይሞክሩ። ዋይፋዩን ሳይነቅሉ ኔቱን ብቻ አጥፍተው ይቅዱ፤ ከዚያ ነቅለው ይቅዱ። ተሰክቶ ጠፍቶም ከቆራረጠ፣ ሲነቀል ግን ከጠራ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዩኤስቢ መከፋፈያው ነው። እነዚያ ርካሽ መከፋፈያዎች አንድ የዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠውን 500 ሚሊአምፔር ለአራት ዕቃ ያካፍላሉ፤ ገመዳቸውም እንደ ክር የቀጠነ ነው። ይጣሉት። ሚክሰሩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ዋይፋዩን በሌላው ጎን ይሰኩ። ሰማያዊዎቹ የዩኤስቢ 3 ወደቦች በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ጫጫታ ስለሚለቁ ዋይፋዩን ከእነሱ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ያርቁት።

ራም ራስዎ እንደቀየሩ ስለጻፉ ካርዱንም ያወጡታል። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ያላቁ። ካርዱን የያዘችው አንዲት ብሎን ናት፤ ላዩ ላይ ጥቁርና ነጭ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች አሉ። በጥፍር ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሷቸው፣ ወደ ጎን ከጎተቷቸው ይበጠሳሉ። የናስ ጫፎቻቸውን ለየብቻ በፕላስተር ይጠቅልሏቸው፤ ቦርዱን ከነኩ ሾርት ያደርጋሉ።

ቀጥሎ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ የተደበቁትን ዕቃዎች አሳይ ብለው የአሮጌውን ካርድም የዩኤስቢውንም ድራይቨር ከነፋይሉ ያጥፉ። ያ ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ የሚጭነው ፕሮግራም ካለም ያስወግዱት፤ ለማይመለከተው ዕቃ ድራይቨር እየጫነ ስንት ጤነኛ ማሽን አበላሽቷል! የዩኤስቢው ዋይፋይ ካርቶን ላይ የተጻፈውን አይመኑ። እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሚታየው የሃርድዌር መለያው ከቪአይዲ (የአምራቹ መለያ) ቀጥሎ «ዜሮ ቢ ዲ ኤ» ካለ ቺፑ የሪልቴክ ነው፣ ድራይቨሩንም ለዚያው ቺፕ ይፈልጉ። ከዚያ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን ያጥፋ የምትለዋን ምልክት ከዋይፋዩም እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ዩኤስቢ ሃብ» ከሚሉት የወደብ ማከፋፈያዎችም ላይ ያንሱ።

መጨረሻ ሌተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኔት ከፍተው ያስኪዱ። ከድራይቨሮቹ ዝርዝር ፕሮሰሰሩን ረጅም ጊዜ በመያዝ የሚመራው አሁንም የኔትወርኩ ከሆነ ዋይፋዩን በሌላ ቺፕ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። እስኪያገኙ ኔት ዘግተው ይቅዱና ሲጨርሱ ከፍተው ይላኩ፤ ለመቅዳት ኔት አያስፈልግም። «እምም» የሚለው ድምፅ ከተመለሰ ላፕቶፑንም ስፒከሩንም ከአንድ ማከፋፈያ ሶኬት ያብሩ እንጂ የኧርዙን እግር ማንም ዳግመኛ እንዳይነካብዎ።