ኩፍኝ ሲገባ ያልተከተበ ተማሪ ይታገዳል? ጥያቄና መልስ

የደብረ ብርሃንና የአካባቢው ወላጆችና መምህራን ጠየቁ፤ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዋ ሲስተር መለሱ።

እናት፣ ከጠባሴ፦ እህቴ አሜሪካ ናት። ልጇ አልተከተበም። ክፍሉ ውስጥ ኩፍኝ ተገኘ ብለው 21 ቀን ቤት አስቀመጡት። በሽታው አልያዘውም እኮ! ይሄ ሕጋዊ ነው?

ሲስተር፦ ሕጋዊ ነው። ነገሩ ያለው «አልያዘውም» ያልሽው ላይ ነው። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። እናት «ጉንፋን ነው» ብላ ትልከዋለች፤ እሱ ክፍሉን ሲያዳርስ ይውላል። ልጁ ከወጣ በኋላም ቫይረሱ አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይቆያል። አጠገቡ ከነበሩት ያልተከተቡ ልጆች ከ10ሩ 9ኙን ይይዛል። 21 ቀን የተባለው በሽታው ሳይታይ ሊቆይ የሚችልበት ረጅሙ ጊዜ ስለሆነ ነው። የሚቆጠረው ከመጨረሻው ንክኪ ነው። መሃል ላይ ሌላ ልጅ ከታመመ እንደገና ከአንድ።

ሥልጣኑም የቆየ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 በፈንጣጣ ጉዳይ ስቴቶች ክትባት ማስገደድ ይችላሉ አለ። በ1922 ያልተከተበን ልጅ ትምህርት ቤት አለመቀበልንም አጸና። እኔ የምወደው ግን የሮክላንድን ነው፤ ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ያለ ካውንቲ፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር። በ2018 መጨረሻና በ2019 ኩፍኝ ሲበረታ ያልተከተቡ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ታገዱ። ወላጆች ከሰሱ፤ የፌዴራሉ ዳኛ እግዱን አላነሳም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ካውንቲው ያልተከተበ ልጅ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ እንዳይገኝ አወጀ። ይህንን ደግሞ የስቴቱ ዳኛ አስቆሙት። አያችሁ? ትምህርት ቤቱ ላይ ሲወሰን ጸና፤ ገበያውንም ጸሎት ቤቱንም ልጠቅልል ሲል ወደቀ።

የክትባት ካርዱን አትጣሉ።

ከሸዋ ሮቢት፦ በሃይማኖቴ ምክንያት አላስከትብም የሚልስ?

ሲስተር፦ እንደ ስቴቱ ነው። በሚፈቅዱትም ቢሆን ብዙዎቹ ወረርሽኝ ሲገባ ፈቃድ ያለውንም ልጅ ቤት ያውላሉ። ኒው ዮርክ በዚያው በ2019 የሃይማኖቱን ፈቃድ ጨርሶ ሰረዘችው።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦ በእኛ ጊዜ ኩፍኝ ሲገባ ቡና አይቆላም ነበር። በቃ። አሁን ሁሉም ነገር መርፌ ሆነ።

ከአንኮበር፦ ጋሼ፣ ቡና ስላልተቆላ ነው የዳናችሁት?

መምህር፦ እናቴ ስምንት አሳድጋለች!

ከአንኮበር፦ ከስንት?

ሲስተር፦ ኧረ በሕግ አምላክ! ቡናውን ተዉትና የታመመውን ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ዓይኑን ያተርፍለታል። ሌላ ጥያቄ።

ርዕሰ መምህር፣ ከደብረ ሲና፦ እኛስ ማገድ እንችላለን?

ሲስተር፦ የአሜሪካን ሕግ ይዘው ልጅ እንዳያባርሩ። ትኩሳትና ሽፍታ ያለበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይላኩ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይደውሉ። ኩፍኝ እዚህም ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ቀጥሎ የሚደረገውን እነሱ ይነግሩዎታል። እርስዎ የክፍሉን ስም ዝርዝርና የክትባት ካርዶቹን ያዘጋጁ።

እናት፣ ከጠባሴ፦ የኔ ልጅ ተከትቧል፤ ካርዱ ግን ጠፍቷል።

ሲስተር፦ ይኸው! ማስረጃ የሌለው እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ አሜሪካም እንደዚያው ነው። የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ይኖረዋል፤ ሂጂና ጠይቂ። ካልተገኘ ደግሞ ቢከተብ አይጎዳውም። የእኛ አገር መርሐ ግብር በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁለተኛው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱትን ደህና አድርጋችሁ እዩ። ለእህትሽ ደግሞ ንገሪያት፦ ንክኪው በተፈጠረ በ72 ሰዓት ውስጥ ብታስከትበው ኖሮ በብዙ ቦታ 21 ቀኑን ሳይጠብቅ ይመለስ ነበር።

ከቀይት፦ ሲስተር፣ ስለ ክትባት ቢያብራሩልን።

ሲስተር፦ ስለ የትኛው?

ከሸዋ ሮቢት፦ 21 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?

ሲስተር፦ ከላይ ተመልሷል። አንብቡ እንጂ!

ከቀይት፦ ልጁ በቀረበት 21 ቀን የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ይመለሳል?

ሲስተር፦ እሱን ገንዘብ ያዧን ጠይቃት።