መልስ፦ ማንበብ አለመቻልና ሽጉጥ ምን አገናኛቸው?

እህቴ፣ «አሜሪካ የእስር ቤት ብዛት የሚወስነው የ3ኛ ክፍል ልጆችን የንባብ ውጤት አይቶ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ላልሽው፣ እውነት አይደለም። ግንኙነቱ ግን አለ። አኒ ኬሲ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በ3ኛ ክፍል በደንብ የማያነብ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን በጊዜው ሳይጨርስ የመቅረት ዕድሉ በደንብ ከሚያነበው ልጅ 4 እጥፍ ነው። ትምህርት ያቋረጠ ደግሞ ለእስር የበለጠ የተጋለጠ ነው።

የማንበብ ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት የሚለው፣ ሆን ብሎ የሚረብሸው ልጅ አለ አይደል? ከሚሳቅበት ቢባረር ይሻለዋል። ክፍል ውስጥ ያጣውን ክብር ሰፈር ይፈልገዋል። ሰፈሩ ውስጥ ሽጉጥ እንደ ልብ ከተገኘ አስቢው! ድህነቱም አለ፤ ሁሉን በንባብ አናሳብብ።

ልጅሽ ማታ ድምፁን አውጥቶ ያንብብልሽ። ከተደናቀፈ ትምህርት ቤቱ የንባብ ችግር እንዳለበት እንዲመረምረው በጽሑፍ ጠይቂ። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምርመራው በነፃ ነው።