ክዳኑን የደበቀ ቤት ለጅማ ዝናብ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እንግሊዝ ያለው ታናሽ ወንድሜ ከባዝ ከተማ የቤቶች ፎቶ ላከልኝ። ሁሉም ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ክዳናቸው አይታይም። መስኮታቸው ወደ ላይ እያነሰ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ በድንጋይ ተደፍኗል። «ሄርማታ ያለውን ቦታችንን ልክ እንደዚህ እንሥራው» ብሎ ያዘኝ። ግንበኛው ይቻላል ብሏል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
ከጅማ

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ግንበኛ «አይቻልም» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? መቻሉንማ ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሐምሌ ነው።

ከክዳኑ ልጀምር። ለንደን በፈረንጆቹ 1666 ተቃጠለች። ቤቱ እንጨት፣ መንገዱ ጠባብ ነበርና እሳቱ እየዘለለ ሄደ። በዓመቱ ሕግ ወጣ፤ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሁን ተባለ። በ1707 ደግሞ ከክዳኑ ሥር ወደ ውጭ የሚወጣውን የእንጨት ክፈፍ ከለከሉ። ግድግዳው ከክዳኑ በላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ ያደረገው አንዱ ነገር ይኸው ነው። በ1709 የመስኮቱ እንጨት ከግድግዳው ፊት ዐሥር ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ሕጉ የለንደን ነበር፤ መልኩን ግን ሌሎቹም ከተሞች ወደዱት።

ስለዚህ ያ ያማረሽ ፊት ግማሹ የእሳት ፍርሃት ነው።

መስኮቱ የሚያንሰው እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን አንደኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ነው። ትልቁ መስኮት ለእንግዳ፣ ትንሹ ከጣሪያው ሥር ለሚያድሩት ሠራተኞች። ወጥ ቤቱ ከመሬት በታች ነው። ስለተደፈኑት ደግሞ ወንድምሽ ግብር ነው ሳይልሽ አይቀርም። እውነት አለው። ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ነበር፤ ሰውም ደፈነ። ግን ሁሉም በግብር አይደለም። ከጀርባው የጭስ መውጫ ስላለ ወይም ፊቱ ሚዛን እንዲጠብቅ ተብሎ ገና ሲሠራ የተደፈነ ብዙ ነው።

ፎቶው ባዝ ውስጥ ያለው የሮያል ክሬሰንት ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከ1767 እስከ 1774 የተሠሩ 30 ቤቶች ናቸው። ንድፉ የልጁ የጆን ዉድ ነው፤ አባትየውም ስሙ ጆን ዉድ ነው፣ እሱም አርክቴክት። ታዲያ ልጁ የነደፈው ፊቱን ነው። ገዢዎቹ ከዚያ ፊት ላይ ድርሻቸውን ወስደው ከጀርባው በየራሳቸው ባለሙያ እንደየፍላጎታቸው ሠሩ። በጀርባ በኩል ብታዪው አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ፣ አንዱ ረዘም ያለ ነው። እኔ እንዲያውም ጀርባውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ሄርማታ። ክዳኑን አትደብቂ። እኔ ጅማ ውስጥ ቆርቆሮ ስመታ ነው ያረጀሁት። ከግድግዳ ጀርባ የተደበቀ አሸንዳ አንድ እፍኝ ቅጠል ይበቃዋል። ውሃው ይቆማል፣ ይሞላል፣ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ገብቶ በግድግዳው ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለሙ ያብጣል፤ ቀጥሎ ልስኑ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ሰው ግን መልሶ ቀለም ይቀባል! የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ቤት ማየት ከፈለግሽ ጅሬን ውጪና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በረንዳና ክዳን እይ። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ እንጨቱ ጥላ ሥር ነው።

ከመሬት በታች ወጥ ቤትም ይቅርብሽ። ክረምት ላይ ፓምፕ ገዝተሽ አትችዪውም።

ረዣዥሞቹን መስኮቶች ግን ውሰጂ። እኛ መብራት እያበራን በቀን የምንቀመጥበት ሳሎን በዝቷል። ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይሠሩ፤ ዝናቡ ፍሬሙን አይመታውም።

ከሁሉ በላይ የሚያዋጣሽ የጋራ ግድግዳው ነው። እንግሊዞቹ በሁለት ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ ከክዳን በላይ ያወጡታል፤ እሳት ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እንዳይሻገር። እኛ ጋ ተያይዘው የተሠሩ ሱቆች ግድግዳቸው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ያልቃል። ከዚያ በላይ ባዶ ነው፤ እሳት ቢነሳ የሚከለክለው የለም። ያንቺ ክዳኑን አልፎ ይውጣ። ደግሞ መሠረት ሳይቆፈር ከጎረቤትሽ ጋር በጽሑፍ ተዋዋዪ፦ ግድግዳው በማን ቦታ ላይ እንደሚቆም፣ ወጪውን ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ። ግንበኛውንም ምስክር አድርጊው።