በኢራን የሕዝብ ድምፅ የት ድረስ ይዘልቃል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ የኢራን ሕዝብ ተሰልፎ ፕሬዚዳንትና የፓርላማ አባላት ሲመርጥ በዜና እመለከታለሁ። በሌላ በኩል የመጨረሻው ቃል የሃይማኖት መሪው ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ምርጫው እውነተኛ ነው ወይስ ለይስሙላ የሚደረግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም የሰሟቸው ነገሮች ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም ከ1979ኙ አብዮት በኋላ (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። በአንድ ወገን ፕሬዚዳንቱ፣ ፓርላማውና የአካባቢ ምክር ቤቶች በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ። በሌላ ወገን የአብዮቱ መሪ የአያቶላ ሩሆላ ኾሜኒ አስተምህሮ አለ፤ ይኸውም በሺዓ እምነት ከዓይን የተሰወረው አሥራ ሁለተኛው ኢማም እስኪመለስ ድረስ አገሪቱን መምራት የሚገባው የእስልምናን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሊቅ ነው የሚል ነው። ይህን አስተምህሮ ሁሉም የሺዓ ሊቃውንት እንዳልተቀበሉት ማስታወስ ተገቢ ነው፤ በኢራን ግን የመንግሥቱ ምሰሶ ሆኗል። በዚሁ መሠረት የበላይ መሪው የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ናቸው፤ የፍርድ ቤቶችን የበላይ ኃላፊና የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሹም ይሾማሉ፤ ሕዝብ የመረጠው ፕሬዚዳንትም ሥራውን የሚጀምረው እርሳቸው ሹመቱን ካጸደቁለት በኋላ ነው።

የምርጫው ዋና ውሳኔ የሚተላለፈው መራጩ ወደ ጣቢያ ከመሄዱ ከሳምንታት በፊት ነው። ውሳኔውን የሚያስተላልፈው የጠባቂዎች ምክር ቤት 12 አባላት አሉት። ስድስቱን የሃይማኖት ሕግ ሊቃውንት መሪው በቀጥታ ይሾማሉ፤ ስድስቱን የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ፣ ራሱ በመሪው የተሾመው የፍርድ ቤቶች የበላይ ኃላፊ ከሚያቀርባቸው መካከል ፓርላማው ይመርጣል። ድምፅ አሰጣጡን የሚያካሂደው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢሆንም ዕጩ የሚያሳልፈውና የሚጥለው ይህ ምክር ቤት ነው። በ2021 ለፕሬዚዳንትነት 592 ሰዎች ተመዝግበው ያለፉት 7 ብቻ ነበሩ፤ በ2024 ደግሞ ከ80 ተመዝጋቢዎች 6 ቀረቡ። የሚወድቁትም የሥርዓቱ ባላንጣዎች ብቻ አይደሉም፦ ሁለት የሥልጣን ዘመን በፕሬዚዳንትነት ያገለገሉት አክባር ሃሼሚ ራፍሳንጃኒ በ2013፣ ለ12 ዓመታት የፓርላማው አፈ ጉባኤ የነበሩት አሊ ላሪጃኒም በ2021 እና በ2024 ከዕጩነት ተሰርዘዋል።

ይህን ሁሉ አይቶ ምርጫውን ይስሙላ ብሎ መተው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ የኢራናውያንን መራጮች ማስተዋል ዝቅ አድርጎ መገመት ነው። በ1997 የሹማምንቱ ድጋፍ የነበረው ለአሊ አክባር ናቴቅ ኑሪ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ለውጥ አራማጁን መሐመድ ኻታሚን ወደ 70 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ መረጠ። በ2024ም ካለፉት ስድስት ዕጩዎች መካከል ብቸኛው ለውጥ አራማጅ የነበሩት ማሱድ ፔዜሽኪያን በሁለተኛው ዙር ሰዒድ ጃሊሊን አሸንፈዋል። ዕጩዎቹ የሚለያዩበት ክልል ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ጋዜጦች ምን ያህል ይተነፍሳሉ፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር ድርድር ይኖራል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ።

የድምፁ ኃይል የሚያልቅበት ቦታ ደግሞ በኻታሚ ዘመን በግልጽ ታይቷል። ኻታሚ ዕጩ የማጣራቱን ሥልጣን ለመቀነስ ያቀረቡትን ረቂቅ ሕግ ፓርላማው ቢያጸድቀውም፣ ሕግን የመሻር መብት ያለው ራሱ የጠባቂዎች ምክር ቤት ስለሆነ ውድቅ አደረገው፤ በ2004ቱ የፓርላማ ምርጫም በሥራ ላይ የነበሩ በርካታ እንደራሴዎችን ከዕጩነት ሰረዘ። ከዚያ የከፋው በ2009 መጣ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ማህሙድ አህመዲነጃድ ከ62 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተዋል ተብሎ ሲታወጅ ሚሊዮኖች ቆጠራውን ሳያምኑበት «ድምፄ የት አለ?» እያሉ ወጡ፤ ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎች ታሰሩ፤ ተፎካካሪዎቹ ሚር ሆሴን ሙሳቪና መህዲ ካሩቢም ከ2011 ጀምሮ በቤት ውስጥ እስር ዋሉ። በ2009ኙ ምርጫ 85 በመቶ ገደማ የነበረው የመራጮች ተሳትፎ በ2021 ከ49 በመቶ በታች፣ በ2024ቱ የመጀመሪያ ዙር ደግሞ ወደ 40 በመቶ ወርዷል። የአገሪቱ መሪዎች የሕዝብን መውጣት የሥርዓቱ ተቀባይነት ምስክር አድርገው ሲያቀርቡ ስለኖሩ፣ ቤቱ የቀረው መራጭ መልእክቱን ለማን እንደላከ እነርሱም አይጠፋቸውም።

የበላይ መሪውንስ ማን ይመርጣል? ለስምንት ዓመት በሕዝብ የሚመረጡ 88 የሃይማኖት ሊቃውንት ያሉበት የሊቃውንት ጉባኤ ነው፤ አሊ ኻሜኔይን በ1989 የሾመው ይህ ጉባኤ ነበር። በሕጉ መሠረት ጉባኤው መሪውን መቆጣጠርና ከሥልጣን ማውረድም ይችላል። ነገር ግን የጉባኤውን ዕጩዎች የሚያጣራው የጠባቂዎች ምክር ቤት፣ የዚህን ምክር ቤት ሊቃውንት የሚሾሙት ደግሞ መሪው ስለሆኑ፣ ተቆጣጣሪው በተቆጣጣሪነቱ የሚገኘው በሚቆጣጠረው ሰው እጅ አልፎ ነው። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ሃሳን ኾሜኒ በ2016፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሳን ሩሃኒ በ2024 በዚህ በር እንዳይገቡ ተከልክለዋል። የሥርዓቱን ጽኑ ጉድለት አሳዩን ቢሉን፣ ከሁሉ በፊት የምንጠቁመው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ሺዓ ያልሆኑ ዜጎችና ሴቶች በምርጫው ምን ቦታ አላቸው?

መልስ፦ ከ290 የፓርላማ መቀመጫዎች አምስቱ ለአናሳ ሃይማኖቶች የተጠበቁ ናቸው፦ ሁለቱ ለአርመኖች፣ አንዱ ለአሦራውያንና ከለዳውያን በጋራ፣ አንዱ ለአይሁድ፣ አንዱ ለዞሮአስተራውያን። ሱኒዎች የተለየ መቀመጫ ባይኖራቸውም በየአካባቢያቸው ተወዳድረው ፓርላማ ይገባሉ፤ ፕሬዚዳንት መሆን ግን በሕገ መንግሥቱ ለሺዓ አማኝ ብቻ የተፈቀደ ነው። ባሃኢዎች እንደ ሃይማኖት እውቅና ስላልተሰጣቸው እንደራሴ የላቸውም። ሴቶች ይመርጣሉ፣ ፓርላማም ይገባሉ፤ ለፕሬዚዳንትነትም በየምርጫው ይመዘገባሉ፤ የጠባቂዎች ምክር ቤት ግን እስከ 2024ቱ ምርጫ ድረስ አንዲቷንም አላሳለፈም።