ወፎቹን ለማየት ጅቡቲ መውረድ ግድ አይደለም

መምህር፣ የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎችዎን የሚሰደዱ ወፎች ለማሳየት የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ድረስ መውረድ ግድ ነው ወይ፣ ካልሆነስ ከድሬዳዋ የትና መቼ እንሂድ ብለው ጠይቀዋል። ግድ አይደለም። እንዲያውም ትላልቆቹን ወፎች ወደ እኛ የሚገፋቸው ያው ባሕር ነው።

ንስርና መሰሎቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ አይጓዙም። ፀሐይ ያሞቀው አየር ከምድር ሲነሣ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ አብረውት ይወጣሉ፤ ከዚያ እየተንሸራተቱ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም የለም። ስለዚህ ከእስያ ሲመጡ ቀይ ባሕርን በሰፊው በኩል አይደፍሩትም፤ እስከ የመን ጫፍ ወርደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በባብ ኤል መንደብ በኩል ጅቡቲ ይገቡና ወደ እኛ ያልፋሉ። በ1987 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር እዚያ የተደረገ ቆጠራ በአንድ የመጸው ወቅት ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች መዝግቧል። ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት ስቴፕ ንስር የሚባሉት ነበሩ። ይህ ንስር ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ስለሚመደብ ተማሪዎችዎ ቢያዩት ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜው ጥቅምት ነው፤ በተለይ ከአጋማሹ በኋላ። ከድሬዳዋ ሌሊት ተነሡ፣ ግን ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ገደላማ ዳገት፣ ዴንገጎ ላይ፣ አትቁሙ። አየሩ ገና ስላልሞቀ በዚያ ሰዓት ሰማዩ ባዶ ነው። በቀጥታ ወደ ሐረማያ እለፉ። ሐይቁ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሲሆን ያላዘነ የአካባቢው ሰው አልነበረም፤ ውኃው ሲመለስ ወፎቹም ተመልሰዋል። ዳክዬዎቹ መሃል ላይ ስለሚሆኑ ያለ ባይኖኩላር ብዙም አያስደስቱም። ልጆቹ ዳር ላይ የሚግጡትን ከብቶች እግር ይመልከቱ። ደረቷ ቢጫ የሆነች፣ ጅራቷን ያለማቋረጥ የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ ከሰኮናው ሥር እየሮጠች የሚነሡትን ዝንቦች ስትለቅም ያገኟታል። የተፈለፈለችው አውሮፓ ወይም እስያ ውስጥ ነው። ይህን ንገሯቸውና ፊታቸውን እዩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ወደ ዴንገጎ ተመለሱ። ገደሉ ሲሞቅ አሞራዎቹ ከታች ከቆላው እየዞሩ ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ከእኛ በታች ሆነው ጀርባቸው ይታያል። ወጣቱ ስቴፕ ንስር በክንፉ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መስመር አለው። አንዱ ድንጋይ ላይ ካረፈላችሁ ደግሞ የአፉን ቢጫ ጠርዝ ተመልከቱ፤ እስከ ዓይኑ መጨረሻ ድረስ ይደርሳል። እዚያ ከቦታ ቦታ መሮጥ ምንም አይጠቅምም፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

ጭልፊትን ከንስር መለየት የሚከብዳቸው ልጆች ካሉ አስቀድመው ሐረር ጀጎል ውስጥ ወዳለው የሥጋ ገበያ ይውሰዷቸው። ጭልፊቶቹ ሥጋ ከሰው እጅ እስከ መንጠቅ ስለሚደፍሩ ለሁለት የተከፈለው ጅራታቸው በደንብ ይታያል። እሱን ያወቀ ልጅ ሰማይ ላይ አይሳሳትም።

የመስቀል ወፍን በተመለከተ ግን ልጆቹን ያስረዷቸው። ከሩቅ አገር የምትመጣ አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናት፤ ወንዱ በክረምት ለመራቢያ ደማቅ ላባ ስለሚለብስ ነው አዲስ የምትመስለን። በበጋ ድንቢጥ መስላ አጠገባችን ስትለቅም ማንም ልብ አይላትም።

የባቢሌን ዝሆኖች ከዚህ ጉዞ ጋር አትቀላቅሉ፤ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ጅቦቹን ለማየት ግን ሐረር ማደር ብቻ ይበቃል።

በመጨረሻ ዴንገጎ ላይ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪናም ይበዛበታል። ሁሉም ወደ ላይ ሲያይ አስፋልቱን የሚጠብቅ አንድ አዋቂ ይመድቡ።